ዶክተር ሙሐመድ ሞሳዴቅና የአባዳን ዘይት

የቤንዚን ዋጋ በጨመረ ቁጥር፣ በማደያም በር ላይ ሰልፉ በረዘመ ቁጥር፣ በማደሪያችን የሚነሣው የማታ ክርክር መጨረሻው አንድ ነው፤ ዘይት ያለው አገር ጌታ፣ ዘይት የሌለው አገር ሎሌ ነው ተብሎ ይዘጋል። አገራችን ነዳጇን ከባሕር ማዶ የምታስመጣ ስለሆነች ይህን ፍርድ የሚቃወም ብዙ አይገኝም። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን የሚያሳይ የአንድ ሰው ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አሰብን። ሰውዬው ከአገራቸው ምድር በታች የዘይት ባሕር ተኝቶ ሳለ አንዲት መርከብ ሙሉ የሚገዛ ፍለጋ ሁለት ዓመት ያህል የደከሙ ናቸው። እኒህም የኢራን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሙሐመድ ሞሳዴቅ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ሞሳዴቅ በ1882 ከመኳንንት ቤት ተወለዱ። አባታቸው በካጃር ነገሥታት ዘመን የገንዘብ ሹም ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ ከንጉሣውያኑ ወገን ይወለዳሉ። አባታቸው ልጁ ሳያድግ ስለ ሞቱ፣ ንጉሡ ገና ለአካለ መጠን ላልደረሰው ብላቴና የማዕረግ ስም ሰጡት፤ ጥቂት ቆይቶም የኮራሳን ክፍለ ሀገር የግብር ሒሳብ በእጁ ገባ። የአባት ሹመት ለልጅ መተላለፉ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ልጁ በዚያ ሹመት አለመበልጸጉ ነው። በ1906 ኢራን ሕገ መንግሥትና ማጅሊስ የተባለ ፓርላማ ባገኘች ጊዜ የኢስፋሃን ሰዎች እንደራሴያቸው እንዲሆኑ መረጧቸው፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ስላልሞላቸው ወንበሩን ሳይዙ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ፓሪስ ሄደው ተማሩ፤ ሕመም ስለ ጸናባቸው ተመልሰው፣ እንደገና ወጥተው በስዊስ አገር በኖሻቴል ዩኒቨርሲቲ በ1914 በሕግ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በአውሮፓ ይህን የሕግ ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያው ኢራናዊ እርሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው የጀመራቸው ሕመም ዕድሜያቸውን ሙሉ አልተለያቸውም። ኋላ የዓለም ጋዜጠኞች በአልጋ ላይ ሆነው እንግዳ ሲቀበሉ፣ በንግግራቸው መካከል ሲያለቅሱና ራሳቸውን ሲስቱ እያዩ ብዙ ቀልደውባቸዋል። ከቀልዱ ውስጥ ጥቂቱ ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ ሞሳዴቅ ዕንባቸው በፓርላማ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ሳያውቁ የሚያለቅሱ ሰው አይመስሉንም።

የዘይቱ ነገር ከሞሳዴቅ በፊት ይጀምራል። በ1901 የካጃሩ ንጉሥ ዊልያም ዳርሲ ለሚባል ባለጸጋ፣ ከሰሜን አምስት ክፍላተ ሀገር በቀር፣ በኢራን ምድር ሁሉ ለስድሳ ዓመት ዘይት ፈልጎ የማውጣት ፈቃድ ሰጡት። የኢራን ድርሻ ከተጣራው ትርፍ ከመቶው 16 ነበር። ሰሜኑ ከውሉ የቀረው ሩስያ እንዳትቆጣ ነው። በግንቦት 1908 መስጂድ ሱሌይማን በተባለው ስፍራ ዘይቱ ፈነዳ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያ ተቋቋመ፤ ከዚያም በባሕረ ሰላጤው ራስ፣ በአባዳን ደሴት ላይ ማጣሪያ ተሠራ። ከሁሉ የከበደው ግን በ1914 የሆነው ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦቹን ከድንጋይ ከሰል ወደ ዘይት ማዛወር ጀምሮ ነበርና፣ በእንግሊዝ አገር ከሰል እንጂ ዘይት ስለሌለ፣ በዊንስተን ቸርችል ግፊት መንግሥቱ የኩባንያውን አክሲዮን ከግማሽ በላይ ገዛ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኩባንያውን መንካት የእንግሊዝን ባሕር ኃይል መንካት ሆነ። የኢራን ሰዎች ስለ ሒሳብ ሲነጋገሩ፣ በማዶ ያሉት ስለ ጦር መርከብ ይነጋገሩ ነበር፤ የኋላው ጠብ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ሞሳዴቅ ከትምህርት ከተመለሱ በኋላ አገረ ገዥ፣ የገንዘብ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ይህን በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1925 ግን የጦሩ አለቃ ሬዛ ካን ዘውድ ሊጭን ተነሥቶ ማጅሊሱ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን፣ ከተቃወሙት ከጥቂቶቹ እንደራሴዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ክርክራቸው ሕጋዊ ነበር፤ በሕገ መንግሥቱ ንጉሥ አይገዛምና፣ ሬዛ ካን ከነገሠ ወይ ሥራውን መተው ወይ ሕጉን መጣስ አለበት የሚል ነው። ሰውዬው ነገሠ፤ ሕጉም ተጣሰ። ሞሳዴቅ አሕመዳባድ ወደሚባለው ርስታቸው ገብተው ብዙ ዓመት ዝም አሉ። በ1940 ተይዘው ወደ ሩቁ የቢርጃንድ እስር ቤት ተላኩ፤ የዳኑትም በአልጋ ወራሹ በሙሐመድ ሬዛ አማላጅነት ነው። ይህ አልጋ ወራሽ በኋላ ምን እንዳደረጋቸው ወደ ፊት እንመጣበታለን።

በ1941 እንግሊዝና ሶቪየት ኅብረት ኢራንን በጦር ያዙ፤ ሬዛ ሻህ ተሰደደ፤ ልጁ ነገሠ። በ1944 ሶቪየቶች በተራቸው የሰሜኑን ዘይት ጠየቁ። በቴህራን የነበረው የቆየ ብልሃት ለእንግሊዝ አንድ ነገር ከተሰጠ ለሩስያም መስጠት፣ በዚህም ሁለቱን ማመዛዘን ነበር። ሞሳዴቅ ሚዛኑን ገለበጡት፤ ለሁለቱም ባለመስጠት ማመዛዘን ይቻላል ብለው፣ መንግሥት ከማንኛውም የውጭ አገር ጋር ስለ ዘይት ውል እንዳይነጋገር የሚከለክል ሕግ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ አስወሰኑ። የሶቪየት ወዳጆች የእንግሊዝ ሎሌ ብለው ሰደቧቸው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ የእንግሊዝ ወዳጆች ደግሞ የሞስኮን በር ከፋች ይሏቸው ጀመር። እኛ ሁለቱን ስድብ ጎን ለጎን ስናነባቸው ሰውዬው በአንድ ቦታ ቆመው እንደነበር እንረዳለን።

አሁን ወደ አባዳን እንሂድ። በዓለም ከነበሩት ማጣሪያዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች የበርማን ዘይት ከያዙ በኋላ ከስዌዝ በስተምሥራቅ ያለው የጦር አውሮፕላንና የጦር መርከብ ተስፋው አባዳን ሆነ። ከጦርነቱም በኋላ ሕንድ ከምታቃጥለው ነዳጅ ብዙው ከዚያ ይመጣ ነበር። በደሴቲቱ ላይ የእንግሊዞቹ ሠፈር ሣርና የመዋኛ ገንዳ፣ ክበብና የጥላ ዛፍ ነበረው፤ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ግን የወረቀት ከተማ የሚል ስም በወጣለት፣ ውኃና መብራት በሌለው የጎጆ ሠፈር ያንን ሙቀት ይችሉት ነበር። የ1933 አዲስ ውል የኩባንያውን ዘመን እስከ 1993 አራዝሞለታል። ኩባንያው ለእንግሊዝ መንግሥት የሚከፍለው ግብር ለኢራን ከሚከፍለው ይበልጥ ነበር፤ ኢራን ደግሞ የሒሳቡን መዝገብ የመመርመር መብት የላትም። በ1950 መጨረሻ የአሜሪካ ኩባንያዎች ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ትርፉን እኩል ለመካፈል ሲዋዋሉ ወሬው ለቴህራን ደረሰ። የእንግሊዙ ኩባንያ ያን ጊዜ ፈጥኖ ይህንኑ ቢሰጥ ኖሮ የሞሳዴቅን ስም ዛሬ ከኢራን ውጭ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር ብለን እናምናለን። ሲነቃ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ሞሳዴቅ የማጅሊሱ የዘይት ኮሚሲዮን ሊቀ መንበርና ብሔራዊ ግንባር የተባለው ማኅበር መሪ ሆነው ነበር። በመጋቢት 1951 የዘይቱን መወረስ የተቃወሙት ጠቅላይ ሚኒስትር ራዝማራ በመስጊድ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ሳምንት ባለፈ በማግሥቱ፣ መጋቢት 15 ቀን፣ ማጅሊሱ ዘይቱ የኢራን ሕዝብ ሀብት እንዲሆን ወሰነ። ድምፁ የተሰጠው ደም ሳይደርቅ መሆኑን መሸሸግ አይገባም፤ ከፍርሃት የተነሣ እጁን ያነሣም ይኖራል። በሚያዝያ መጨረሻ ሞሳዴቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሕጉ ለኩባንያው ካሣ እንዲሆን ከተጣራው ገቢ ከመቶው 25 በባንክ እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ ስለዚህ ያለ ካሣ ዘረፉ የተባለው ሐሰት ነው። ጠቡ በካሣው ልክ ላይ ነበር። እንግሊዞች እስከ 1993 ያገኙት ለነበረው ትርፍ ሁሉ ካሣ ጠየቁ፤ ሞሳዴቅ ግን እንግሊዝ ራሷ በ1947 የከሰል ማዕድኗን የመንግሥት ስታደርግ ለባለቤቶቹ በከፈለችው ዓይነት ሕግ እንዳኛለን አሉ። ለዚህ ክርክር አጥጋቢ መልስ የሰጠ ማንም አላጋጠመንም።

ለንደን ጦር ለመላክ አሰበች። የጦር መርከቦች በአባዳን ፊት ቆሙ። ነገር ግን ሕንድ በ1947 ነፃ ስለ ወጣች በዚያ ባሕረ ሰላጤ እንግሊዝ ስትጠቀምበት የኖረችው የሕንድ ጦር የለም፤ ፕሬዚዳንት ትሩማንም ሶቪየቶች በሰሜን እንዳይገቡ ፈርተው ጦርነቱን ተቃወሙ። በጥቅምት 1951 መጀመሪያ የቀሩት እንግሊዞች ሞሪሺየስ በተባለችው የጦር መርከብ ተሳፍረው አባዳንን ለቀቁ።

በዚያው ወር እንግሊዝ ነገሩን ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ወሰደችው፤ ሞሳዴቅም ሕመማቸውን ይዘው ወደ ኒው ዮርክ በረሩ። ደካማ አገር በዓለም ሸንጎ ፊት ቆሞ አቤት ሲል ማየት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የ1936ቱን ጄኔቫ ያሳስበናል። ልዩነቱ ግን ሞሳዴቅ ተከሳሽ ሆነው ሄደው ሳይፈረድባቸው መመለሳቸው ነው፤ ምክር ቤቱ ጉዳዩን አሳደረው። ሲመለሱ በካይሮ ሲያልፉ የግብፅ ሕዝብ በጭብጨባና በእልልታ ተቀበላቸው፤ ግብፅም በዚያ ሰሞን ከእንግሊዝ ጋር የነበራትን የ1936ቱን ውል አፍርሳ ነበር። በሰኔ 1952 ደግሞ ወደ ሄግ ሄዱ። የዓለም ፍርድ ቤት ሐምሌ 22 ቀን፣ በዘጠኝ ድምፅ በአምስት፣ ይህን ነገር የማየት ሥልጣን የለኝም አለ፤ ከዘጠኙ አንዱ እንግሊዛዊው ዳኛ ነበሩ። በሕግ በኩል ኢራን ረታች ማለት ይቻላል።

በገበያ በኩል ግን ተረታች። ኩባንያው በየአገሩ ጋዜጣ፣ የአባዳንን ዘይት የሚገዛ ሁሉ የተሰረቀ ዕቃ እንደ ገዛ ተቆጥሮ ይከሰሳል ብሎ አስታወቀ። በዓለም ላይ የነበሩት ታንከሮች አብዛኞቹ በታላላቆቹ ኩባንያዎች እጅ ስለነበሩ ጭነቱን የሚያነሣ መርከብ ጠፋ። የአሜሪካ ኩባንያዎችም በመንግሥታቸው ፈቃድ ኮሚቴ አቋቁመው የጎደለውን ዘይት ከሌላ ቦታ ለወዳጆቻቸው አከፋፈሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንችልም። በ1935 ጣልያን አገራችንን ሲወር የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጥሎ ነበር፤ ዘይት ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልገባም፤ የሙሶሊኒም የጭነት መኪናዎች ያለ ችግር ሄዱ። ዘይት መከልከል አይቻልም ተብሎ የተነገረን እኛ ነን። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የኩባንያ ሀብት ሲነካ ግን መቻሉ ታየ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የጎረቤቶቹ ነገር ነው። ኢራን በ1950 ወደ 32 ሚሊዮን ቶን ገደማ ዘይት አውጥታ ነበር፤ ይህ ሲቆም ዓለም ይጨነቃል ብለው ሞሳዴቅና አማካሪዎቻቸው ተማመኑ። ዓለም አልተጨነቀም። በባሕረ ሰላጤው ማዶ ኩዌት፣ ኢራቅና ሳዑዲ ዓረቢያ ጉድጓዳቸውን ከፈቱት፤ ኩዌት ብቻዋን በሁለት ዓመት ውስጥ የምታወጣውን ከእጥፍ በላይ አሳደገች። የኩዌት ዘይት ኩባንያ ግማሹ የዚያው የእንግሊዙ ኩባንያ ንብረት ነበር፤ በኢራቁም ውስጥ ወደ ሩብ የሚጠጋ ድርሻ ነበረው። ስለዚህ ኩባንያው በአባዳን የዘጋውን በር በጎረቤት ግቢ አዙሮ ከፈተ። በዚያም ላይ ኩዌት በ1951 መጨረሻ፣ ኢራቅም በ1952 መጀመሪያ፣ ትርፉን እኩል የመካፈል ውል አገኙ። ኩባንያዎቹ ይህን የሰጡት የሞሳዴቅ እሳት ወደዚያ እንዳይዛመት ነው። ኢራን ዋጋውን ከፈለች፤ ጎረቤቶቿ ዕቃውን ተረከቡ። በእነርሱ ላይ ግን ሙሉ ፍርድ ልንሰጥ አንደፍርም፤ ኩዌት ያን ጊዜ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ነበረች፤ የኢራቅም መንግሥት የለንደን ወዳጅ ነበር። ቢፈልጉስ ማበር ይችሉ ነበርን? ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንላለን፤ እዚያ ግን ድሩን የያዘው አንበሳው ራሱ ነበር።

ጭነቱን ለማንሣት ከሞከሩት አንዷ ሮዝ ሜሪ የምትባል ትንሽ መርከብ ነበረች። በሰኔ 1952 ወደ ጣልያን ስትጓዝ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች እየተከታተሉ ወደ አደን ወደብ አስገቧት፤ በባብ ኤል መንደብ ደጃፍ፣ ለእኛ ባሕር ቅርብ በሆነው ወደብ ማለት ነው። በዚያ የነበረው የቅኝ ግዛት ፍርድ ቤት በጥር 1953 ዘይቱ የኩባንያው ነው ብሎ ፈረደ። ይህን ያየ ባለመርከብ ሁሉ ፈራ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት የቬኒስ ፍርድ ቤት፣ ሚሪየላ የተባለችው መርከብ ባመጣችው ጭነት ነገር ለገዢዎቹ ጣልያኖች ፈረደላቸው።

የጃፓኖቹ ግን ረዘም ያለ ወሬ ይገባዋል። ኢደሚትሱ ሳዞ በ1911 በደቡብ ጃፓን በሞጂ ወደብ የዘይት ንግድ የጀመረ ነጋዴ ነው። አገሩ በጦርነት ተሸንፋ፣ ነፃነቷንም የመለሰችው በሚያዝያ 1952 ነበር፤ ከምድሯ ይህ ነው የሚባል ዘይት አይወጣም፤ የነዳጅ ንግዷም በታላላቆቹ የውጭ ኩባንያዎች ተጽዕኖ ሥር ነበር። ኢደሚትሱ ከእነርሱ ጥላ ውጭ ለመነገድ የሚፈልግ፣ የራሱም ታንከር ያለው ሰው ስለሆነ፣ ከኢራን ጋር በምሥጢር ተዋዋለ። ኒሾ ማሩ የተባለችው መርከቡ በመጋቢት 1953 ከኮቤ ወደብ ተነሣች። መርከበኞቹ ወዴት እንደሚሄዱ የሰሙት ባሕር ከገቡ በኋላ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን አባዳን ስትደርስ፣ ሥራ ፈትቶ የኖረው የወደቡ ሠራተኛ በደስታ ተቀበላት። ሞልታ ስትመለስ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በሲንጋፖር ስለነበረ በማላካ ወሽመጥ ማለፉን ትታ፣ በስተደቡብ ዞራ በሱንዳ በኩል ሾለከች። ግንቦት 9 ቀን ካዋሳኪ ገባች። ኩባንያው ወዲያው ከሰሰ፤ የቶኪዮ ፍርድ ቤት ግን ክሱን አልተቀበለም። መርከቢቱም ለሁለተኛ ጭነት ተመልሳ ሄደች።

ሁለት የእስያ አገሮች፣ አንዱ ዘይት ያለው ገዢ የሌለው፣ ሌላው ገዢ ሆኖ ዘይት የሌለው፣ በመካከላቸው ያለ አማላጅ ዘልለው የተገናኙበት ጊዜ ይህ ነበር። በልባችን ውስጥ ትልቅ ስፍራ የሰጠነውም ስለዚህ ነው። ልክ ልኩን ስንናገር ግን፣ ጣልያንና ጃፓን የገዙት ሁሉ ተደምሮ ቀድሞ ከአባዳን ይወጣ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ጠብታ ነበር። ሌሎቹ ደንበኞች ተራ አልጠበቁም። ሕንድ በዚያው በ1951 ከውጭ ኩባንያዎች ጋር ተዋውላ በቦምቤ አጠገብ በትሮምቤይ ማጣሪያ ማሠራት ጀመረች፤ የመጀመሪያው በ1954፣ ሁለተኛው በ1955 ሥራ ጀመረ። የእንግሊዙም ኩባንያ የአባዳንን ምትክ በ1954 በአደን ሠራ። የተዘጋ ማጣሪያ ቢከፈት እንኳ የሄደ ደንበኛ እንደማይመለስ ኢራናውያን በዚህ አዩ።

በዚህ ሁሉ መካከል መንግሥታቸው ያለ ዘይት ገቢ ለመኖር ሞከረ። የውጭ ዕቃ ቀነሱ፤ ምንጣፍና ፍራፍሬ ለውጭ መሸጥን አበረቱ፤ ከሕዝቡ ብድር ጠየቁ፤ ሥራ የቆመባቸውን በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ የዘይት ሠራተኞች ደመወዝ መክፈሉን ግን አላቋረጡም። በሐምሌ 1952 የጦር ሚኒስቴርን በእጃቸው ለማድረግ ጠይቀው ሻህ ስለ ከለከሏቸው ሥራቸውን ለቀቁ፤ ሐምሌ 21 ቀን ሕዝቡ በየአደባባዩ ወጥቶ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ በክብር ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን ስናነብ ልባችን ይከፈላል። የዓለም ባንክ ማጣሪያውን ለጊዜው በአደራ ይዞ ዘይቱን እንዲሸጥ ያቀረበው ሐሳብ በ1952 መጀመሪያ ሳይሳካ ቀርቶ ነበር። ባንኩ ሥራውን በባለቤቲቱ በኢራን ስም እንዲያካሂድ ሞሳዴቅ ጠየቁ፤ ባንኩ እምቢ አለ። ቃሉ ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ዓመት የሚያስተነፍስ ገንዘብ ከቃሉ ይበልጥ እንደነበር ዛሬ ለመፍረድ ይቀልለናል። ዕድሜ ልካቸውን ለፓርላማ የተከራከሩት ሰው ያለ ፓርላማ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለስድስት ወር፣ ቀጥሎም ለአንድ ዓመት አስወሰኑ። በነሐሴ 1953 ማጅሊሱን ለመበተን የሕዝብ ድምፅ ሲያስጠይቁ የይሁንና የአይሁን ሣጥን በተለያየ ቦታ ተቀመጠ፤ ማን ምን እንደ መረጠ ለሁሉ ታየ። ይሁን ያለው ከመቶው 99 ሆነ። በኖሻቴል ሕግ የተማሩት ሰው ይህን ሲያዩ ምን እንደ ተሰማቸው ለማወቅ እንመኝ ነበር። ካሻኒን የመሰሉ የሃይማኖት መሪዎች ተለይተዋቸዋል፤ ነጋዴው ሰልችቷል፤ ኮሙኒስቶቹ በየመንገዱ መሰለፋቸው ዋሽንግተንን አስደንግጧል።

ትሩማን ሄደው አይዘንሃወር መጥተው ነበር፤ በለንደንም ያው የ1914ቱ ቸርችል ተመልሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። የሁለቱ አገሮች የስለላ ድርጅቶች ሞሳዴቅን ለመገልበጥ ተስማሙ፤ በቴህራን ሥራውን የመራው ከርሚት ሩዝቬልት የተባለው አሜሪካዊ ነው። በነሐሴ 15 ሌሊት የሻህን የሽረት ደብዳቤ ይዞ የመጣው ኮሎኔል ናሲሪ ተያዘ፤ ሻህም በአውሮፕላን ወደ ባግዳድ፣ ከዚያም ወደ ሮም ሸሹ። ከአራት ቀን በኋላ ግን፣ ነሐሴ 19፣ በገንዘብ የተነሣሣ ሕዝብና የጦሩ ክፍል ተባብረው ከተማውን ያዙ። ታንኮች የጠቅላይ ሚኒስትሩን ቤት ደበደቡት፤ ሽማግሌው በአጥር ዘልለው ወደ ጎረቤት አመለጡ፤ በማግሥቱ እጃቸውን ሰጡ። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በዚህ ሥራ እጁ እንደነበረበት በ2013 በራሱ ሰነድ አመነ፤ ይህም ከስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የጦር ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት እስራት ፈረደባቸው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ሁሴን ፋተሚ በ1954 በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። በዚያው ዓመት ዘይቱ በአዲስ ውል መፍሰስ ጀመረ። የባለቤትነቱ ስም የኢራን ሆኖ ቀረ፤ የማውጣቱና የመሸጡ ሥራ ግን ለኩባንያዎች ማኅበር ተሰጠ፤ የእንግሊዙ ከመቶው 40፣ አሜሪካውያኑ 40፣ ሼል 14፣ ፈረንሳዮቹ 6 ያዙ። ኢራን እስከ 1951 ያጣችውን የእኩል ክፍያ ያገኘችው ሞሳዴቅ እስር ቤት ሆነው ነው። ጎረቤቶቹም ለየብቻ መሸጥ ምን እንደሚያስከትል የተማሩ ይመስላል፤ በመስከረም 1960 ኢራን፣ ኢራቅ፣ ኩዌት፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ቬኔዙዌላ በባግዳድ ተሰብስበው ኦፔክን አቋቋሙ። በ1964 ኢራን ከቱርክና ከፓኪስታን ጋር የልማት ትብብር ማኅበር መሠረተች። በ1951 በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለመቀመጥ ያልቻሉት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ተቀመጡ፤ ከመካከላቸው ኢራንን ወክለው የተቀመጡት ግን ሞሳዴቅን የጣለው መንግሥት ሰዎች ነበሩ።

ሞሳዴቅ እስራታቸውን ከጨረሱ በኋላ ወደ አሕመዳባድ ርስታቸው ተወስደው ከዚያ እንዳይወጡ ተደረጉ፤ በቢርጃንድ ሳሉ ያማለዷቸው ሻህ በዚህ ጊዜ ጠባቂ አቆሙባቸው። ለገበሬዎቻቸው መድኃኒት እያደሉ፣ ትዝታቸውን እየጻፉ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሩ። መጋቢት 5 ቀን 1967 በካንሰር ሕመም ሞቱ። በ1952 በሐምሌ ስለ እርሳቸው ከሞቱት ሰዎች አጠገብ ለመቀበር ተናዝዘው ነበር፤ ሻህ አልፈቀዱም። የቀብር ሰልፍም ተከለከለ። በአሕመዳባድ ቤታቸው ውስጥ የምግብ ቤቱ ወለል ተቆፍሮ በዚያ ተቀበሩ። ሻህ ከአገር በወጡበት ዓመት፣ በ1979፣ በሙት ዓመታቸው ቀን፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቴህራን ተነሥቶ በዚያች ጠባብ የገጠር መንገድ በመኪናና በእግር ወደ ቤቱ ጎረፈ።